የጾሙ ጭልፋ

በጾም ድስቴ ውስጥ ቅቤ ጨምሮ ከቦታዬ አስነቀለኝ። ይህን ያደረገው ከጎኔ ጥብስ ይጠብስ የነበረ፣ «አያ» እያልኩ የምጠራው ሰው ነው። ከዚህ በላይ አሳምሬ ልጀምርልህ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ነገር ማሳመር ከልጅነቱ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ጭልፋዋ አሁን ከምጽፍበት ጠረጴዛ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። የአሉሚኒየም ናት፤ አፏ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ እጀታዋ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞባታል። ጨርቁ ሰማያዊ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሌላው ሰው ጥቀርሻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሚስቴ አቧራዋን ልትጠርግ ስታወርዳት ከድስት ክዳን ጋር ተጋጨችና አንድ ጊዜ ጮኸች። እኔም ቁጭ ባልኩበት የከሰል ጭስ ሸተተኝ። ከደባርቅ በኩል የሚወርደው ብርድ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ሚስቴ «ምን ሆንክ?» አለች። ምንም አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው ላንተ የምጽፍልህ።

ያኔ ገና ጢሜ እየወጣ ነበር። ከአይከል አካባቢ ወደ ጎንደር የመጣሁት የቢራ ሳጥን ልሸከም ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አንድ ቡና ቤት ነበር፤ አሁን የስልክ መጠገኛ ሆኗል። በሩ ላይ ሰፊ በረንዳ ነበረው፤ ከበረንዳው ጣራ ላይ አንድ ቀይ አምፖል ይንጠለጠል ነበር። ዝናብ ቢዘንብ አያገኝህም። ከቡና ቤቱ የሚወጣ ሰካራም ሁሉ በዚያ አምፖል ሥር ነው የሚያልፈው። ለሌሊት ምግብ ሻጭ ከዚያ የተሻለ ቦታ በከተማው አልነበረም። ባለ ቡና ቤቷ ሴትዮ ያንን ቦታ ለእኔ ሰጠችኝ። ምነው ለእኔ ሰጠችኝ? አላውቅም። አንድ ቀን ሳጥን አውርጄ ሳበቃ አየችኝና «አንተ ወገብህን ከምትሰብር የሚበላ ነገር አብስለህ ሽጥ፤ እነዚህ ሰዎች ባዶ ሆዳቸውን ሄደው ሚስቶቻቸው እኔን ይረግሙኛል» አለችኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ጠጪ ሰው ሌሊት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ትኩስ ነገርና የሚሰድበው ሰው። ሁለቱንም አቀርብ ነበር። አንዱ ድስቴ የበግ አጥንት ቅቅል ነው፤ መረቁ ላይ ቃሪያና ሎሚ ይገባበታል። ሁለተኛው ድስቴ የጾም ነው፤ ምስርና ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት። ለምን ሁለት እንደሆነ ልንገርህ። የጎንደር ጠጪ ጉድ ነው። አረቄውን ይጋታል፣ ሚስቱን ይዋሻል፣ ግድግዳ ላይ ይሸናል። ሐሙስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ቅቤ የነካው ነገር በአፉ አይዞርም። ማክሰኞ ሌሊትም እንደዚያው ነው።

«አንተ ልጅ፣ አርብ ገብቷል ወይስ አልገባም?»

«ገብቷል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቅቅልህን ከፊቴ አንሳ። አረቄው ግን በሐሙስ የተቀዳ ነው፤ አይቆጠርም።»

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሰው ሁሉ እያየኝ የቅቅሉን ድስት ከድኜ አወርዳለሁ፤ የጾሙን እሳት ላይ አወጣለሁ። ጭልፋውንም እለውጣለሁ። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው። የፍስኩ ጭልፋ የጾሙን ድስት አንዴ ከነካ ድስቱ በሙሉ ፍስክ ነው፤ ይደፋል። ሰው የሚበላው ጭልፋህን አምኖ ነው እንጂ ምግብህን አይደለም።

የጾሙን ጭልፋ የሰጠችኝ ባለ ቡና ቤቷ ናት። ልጅዋ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ከተሻገረ በኋላ ወሬው ጠፍቶ ነበር። አንድ ልጇ ነው። «በዚህ በር እስኪገባ ድረስ ሥጋና ቅቤ በአፌ አይገባም» ብላ ተስላለች፤ ረቡዕና አርብ ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ። ስለዚህ የጾሙን ድስት ለእሷ ብዬ ሁልጊዜ አሞቀው ነበር። ከሻሿ ጫፍ ሰማያዊ ቁራጭ ቀድዳ የጭልፋዋ እጀታ ላይ አሰረችና «ይቺ የኔ ናት። ሌላ ድስት ከነካች እጅህን ነው የምቆርጠው» አለችኝ። ሁሉንም ሸኝታ በሯን ስትዘጋ የቢራ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጥና ከእጄ ትበላ ነበር። ያን ሰዓት ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። እናቴን ቀብሬ ነው ወደ ከተማ የወጣሁት፤ ሰው ከእጄ ሲበላ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥብስ ሻጩ ከበረንዳው ውጪ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ሥር ነበር የሚቆመው። ከመካነ ብርሃን ወገን ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ውሸት አልጽፍም፣ መጀመሪያ ላይ ሸጋ ሰው ነበር። ከሰል በአመድ ቀብሮ ማሳደርን ያስተማረኝ እሱ ነው። ብርድ ሲጸናብኝ ጋቢውን አውልቆ ደርቦልኛል። ጥብሱን ከእሳት ሊያወርድ ሲል ከአገሩ የሚመጣለትን ቅቤ ከቅል ጨልፎ ያፈስበታል። ኮሰረት የበዛበት ቅቤ ነው፤ ሽታው ቡና ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሰዎችን በአፍንጫቸው ይዞ ያወጣቸዋል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን፣ ረቡዕ ወይም አርብ ከገባ፣ ያ ሽታ ጠላቱ ነው። ማንም አይጠጋውም። እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ እኔ ስጨልፍ ያያል። «አንተስ ታድለሃል። ለአንተ ጾሙም ፍስኩም አንድ ነው» ይለኝ ነበር እየሳቀ። እኔም እስቅ ነበር። ጅል ነበርኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሐሙስ ሌሊት ነው። ካፊያ ነበር። ስድስት ሰዓት አልፎ ድስቶቼን ቀይሬያለሁ። ሾርባው ወፈረብኝና ውሃ ልቀዳ ወደ ቡና ቤቱ ጓሮ ልገባ ሆነ፤ በርሜሉ እዚያ ነው።

«አያ፣ ድስቷን እይልኝ» አልኩት።

«ሂድ ሂድ፤ እኔ በዚህ ሰዓት ምን ሥራ አለኝ» አለኝ።

ስመለስ ባለ ቡና ቤቷ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ሌሊት ደንበኞቿን ሳትሸኝ ነው የወጣችው። ውሃውን ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ቀዳሁላት። በላች። ያን ዕለት ሥራ በዝቶባት ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፤ ቶሎ ቶሎ ነበር የምትጎርሰው። ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጋችና «ዛሬስ እጅህ ጣፍጧል። ጨምርልኝ» አለች። ደስ አለኝ። ሞልቼ ጨመርኩላት።

ቀጥሎ የተቀበለኝ አንድ ሹፌር ነው። ድቁናውን ትቶ መኪና የያዘ፣ ሲሰክር ቅዳሴ የሚያዜም ሰው ነበር። ሳህኑን አፍንጫው ሥር ይዞ ቆየ።

«ቅቤ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ። «ሰዎች፣ ይኼ ቅቤ ነው።»

አንዱ ተፋ። ሌላው ሳህኑን ከነሾርባው መንገድ ላይ ደፋው። «አርብ በገባ ሌሊት ጾማችንን ታስገድፈናለህ?» አለኝ አንድ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ሰው፤ መቆም ያቃተው ሰው። በእኔ ንግድ ውስጥ ቅቤ የሚባል ነገር የለም፤ ቅቅል በቅቤ አይሠራም። ይህን ተናገርኩ። ማን ይሰማኛል። ያን ጊዜ ጥብስ ሻጩ ወደ መሀል ገባ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ወንድሞቼ፣ ተዉት፤ ልጅ ነው። ጭልፋ ተምታቶበት ነው።»

ይኸውልህ። ቅቤውን ስለመጨመሩ አንድ ጊዜ ነው የጠላሁት። ለዚህች ቃል ግን እስከ ዛሬ ስጠላው ኖሬያለሁ። ቢከሰኝ እከራከረው ነበር። እሱ አማለደኝ። የሚማለድለት ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ብል ማን ያምናል? ጭልፋ ተምታቶበት። እኔን።

ድስቷን አንዱ በእግሩ መታት። ከሰሉ ካፊያው ላይ ተንሿሿ። ባለ ቡና ቤቷ ሳህኗን መሬት ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

«ከበረንዳዬ ውረድ» አለች።

«እትዬ፣ በእግዜር፣ እኔ ቅቤ ከየት አመጣለሁ?»

«ልጄን መንገድ ላይ አስቀረኸው» አለች። ገብታ በሯን ዘጋች።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ከተገለበጠችው ድስት ግርጌ በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩ። የራሴን ጾም የሻርኩት በዚያች ጣት ነው፤ ማወቅ ነበረብኝ። ኮሰረት ነው። የመካነ ብርሃን ቅቤ ነው። ከምሰሶው ሥር ግን ማንም አልነበረም፤ ቅሉንም ይዞ ሄዷል። ጭልፋዬን ኮቴ ውስጥ ከትቼ ሲነጋ ወደ ማክሰኝት በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ።

ማክሰኝት ገበያ ጆንያ ተሸከምኩ። ዓመታት ነው የምልህ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ራሴም መሽበት ሲጀምር የማታ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪው እኛን ሽማግሌዎቹን ፊደሉን ካስጨረሰን በኋላ «በሉ፣ ደስ ያላችሁን ቃል ጻፉ» አለን። አንዱ የሚስቱን ስም ጻፈ። ሌላው እግዚአብሔር ብሎ ጻፈ፤ ተሳሳተ። እኔ «ቅቤ» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ርቦኝ መሰላቸው።

ከጎንደር የሚመጡ ሹፌሮች ወሬ ያመጡልኝ ነበር። ጥብስ ሻጩ በማግስቱ በቀዩ አምፖል ሥር ቆመ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። የሴትዮዋ ልጅ አልተመለሰም። እሷ ከጥብስ ሻጩም ሆነ ከማንም የመንገድ ምግብ አትበላም፤ በረንዳዋ ላይም አትቀመጥም። ይህን ሁሉ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በገደልኩት ብዬ አላውቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ለእሷ በራሱ አፍ እንዲነግራት። ልጅዋን መንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔ እንዳልሆንኩ ትስማ። በቃ፣ ይህንን ነው የፈለግኩት። ሳላገኘው ብሞት ዓይኔ አይከደንም ነበር።

ወደ ጎንደር የተመለስኩት ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ቀን መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ። የመጀመሪያው ሐሙስ ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ፣ ወደ በረንዳው ሄድኩ። አምፖሉ እዚያው ነበር። እሱ ሸብቷል፣ ሆድ አውጥቷል፤ ሽርጥ አድርጓል። እኔን አላወቀኝም፤ ጢም አብቅያለሁ። ሰዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። ተራዬ ሲደርስ ጮክ ብዬ ጠየቅኩት።

«አያ፣ የጾሙ ጭልፋ የትኛው ነው?»

አንዱን አነሣ። «ይኸውና።»

«እሺ» አልኩና ሳልበላ ሄድኩ።

ማክሰኞ ሌሊት ተመለስኩ። «አያ፣ የጾሙ ጭልፋ የትኛው ነው?» ሐሙስ መጣሁ። «አያ፣ የጾሙ ጭልፋ የትኛው ነው?» ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። አልዋሸሁም፣ ስሙን አላጠፋሁም፣ ጥያቄ ነው። ጠጪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከሩቅ ሲያዩኝ «ኧረ ጭልፋው መጣ» ማለት ጀመሩ፤ ስም ወጣልኝ። ከዚያ ግን ሳቁ ቀነሰ። ሰው ሳህኑን ከመቀበሉ በፊት ወደ ጭልፋው ማየት ጀመረ። አንድ ባጃጅ ነጂ «እውነት ግን፣ የትኛው ነው?» አለው። አየህ? አሁን ያ ጥያቄ የእኔ ብቻ አልነበረም።

እሱ አዲስ ጭልፋ ገዛ። ጨርቅ አሰረበት። ሰው ፊት ማጠብ ጀመረ፤ እያነሣ ማሳየት ጀመረ። ባሳየ ቁጥር ሰው ይበልጥ ተጠራጠረ፤ ንጹሕ ሰው ምን ያስጨንቀዋል? አርብ በገባ ሌሊት በረንዳው ጭር እያለ ሄደ። ድስቱ ሙሉ ሆኖ ሲያድር አየሁ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አያለሁ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ያን ደስታ ለማንም አላካፍልም።

አንድ ሌሊት ብቻችንን ሆንን። አፍጦ አየኝ።

«አንተ የአይከሉ ልጅ ነህ» አለኝ።

«ነኝ።»

«ቦታውን ውሰደው። ነገውኑ እለቃለሁ።»

«ቦታ አልፈለግኩም። ሂድና ለእሷ ንገራት።»

ከሰሉን በመቆስቆሻው ነካካ። «እሱን አልችልም» አለ። «ቦታውን ውሰድ። ድስቶቹንም ውሰድ። ፊቷን አይቼ ግን አልችልም።»

«እንግዲያው ማክሰኞ እመጣለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ ስመጣ በረንዳው ባዶ ነበር። ወደ አዘዞ ተዛውሯል አሉኝ። አዘዞ ሱዳን አይደለም፤ በባጃጅ ይደረሳል። ሄድኩ። «አያ፣ የጾሙ ጭልፋ የትኛው ነው?» አዲሶቹ ደንበኞቹ ዞረው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ጎንደር ሌሊቱን አጣች። ያ ሁሉ ጠጪ በጊዜ ቤቱ ይገባ ጀመር፤ የከሰል ፍሙ፣ የቴፑ ድምፅ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ የለም። ከመሸ መንገዱ ላይ የሚሰማው ውሻ ብቻ ነው። ጥብስ ሻጩ አዘዞ ላይ በቀን መሸጥ ጀመረ። እኔም በቀን ሄድኩ። ረቡዕና አርብ፣ ከሥራ ስወጣ። ሚስቴ «ዝምድና አለህ እንዴ አዘዞ?» ትለኝ ነበር።

ባለ ቡና ቤቷ ታማ መተኛቷን የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መልሰዋታል፤ መመለሱ ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ቀርቼ አዘዞ ደረስኩ። ድስቱ ተጥዷል፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወታደር ተቀምጠዋል።

«አያ፣» አልኩት፣ «የጾሙ ጭልፋ...»

አላስጨረሰኝም። ጭልፋውን ድስቱ ላይ አጋደመ። ሽርጡን ፈታ። «ታማለች አሉ?» አለኝ።

«ታማለች።»

«እሺ። እንሂድ።»

በባጃጅ ሄድን። ጉልበታችን ይነካካ ነበር፤ ባጃጅ ጠባብ ነው።

ቡና ቤቱ ተዘግቷል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። አልጋዋን ከባንኮኒው ኋላ አድርገውላታል፤ ከዚያ ሆና በሩን ማየት ፈልጋ ነው አለችኝ የምታስታምማት የእህቷ ልጅ። ሰውነቷ አልቋል። ያ ወፍራም ድምፅ ግን አለ።

ጥብስ ሻጩ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «እትዬ፣» አለ፣ «የዚያን ሌሊቱ ቅቤ የኔ ነው። ይኼ ልጅ ውሃ ሊቀዳ ሲገባ እኔ ነኝ የጨመርኩት። በረንዳውን ፈልጌ ነው።» ከዚያ አለቀሰ።

እኔ ለዚህች ደቂቃ ስንት ዘመን ጆንያ ተሸክሜያለሁ። ፊቷን አየሁ። አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ሌሊት ‹ጨምርልኝ› አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«መጀመሪያ የጎረስኩ ጊዜ አውቄዋለሁ» አለች። «ቅቤ የማላውቅ ሴት መስዬሃለሁ? ርቦኝ ነበር። በርዶኝ ነበር። ጣፈጠኝ። አውቄ ዋጥኩት፣ አውቄ ጨምርልኝ አልኩህ። ያ ሹፌር ባይናገር እጨርሰው ነበር።» ትንፋሽ እስክትሰበስብ ጠበቅናት። «ከዚያ ወዲያ አንተ በረንዳዬ ላይ ቆመህ እንዴት ልይህ? ጨምርልኝ ማለቴን የሰማህ አንተ ነህ። ልጄን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ ከምኖር አንተ ነህ ብዬ ኖርኩ።»

ቁጣዬን ይዤው የመጣሁት ለአንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው እግሯ ሥር ቀሎት ተቀምጧል። ፊቱ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መስሏል። ያም አናደደኝ። ለእሱ እፎይታ ለማምጣት አልነበረም የለፋሁት። ይቅር በለኝም አላለኝም፤ ቢለኝም ይቅር አልለውም ነበር።

«እህል አፏ ውስጥ ከገባ ቆይቷል» አለች የእህቷ ልጅ ከጓዳ።

ከኮቴ ውስጥ ጭልፋዋን አወጣሁ። ያኔ ሁሌም ይዣት ነበር የምዞረው። ሴትዮዋ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰች። ምስርና ድንች ከጓዳ ተገኘ። ከሰሉን ጥብስ ሻጩ አቀጣጠለው፤ በእጁ አራገበ፣ ድሮ እንደሚያደርገው። አልከለከልኩትም። ሾርባው ሲወፍር ቀና ብሎ «ውሃ የለም፤ ትቀዳለህ?» አለኝ።

«አይ፣» አልኩት፣ «አንተ ቅዳ። እኔ ድስቷ ዘንድ እቆያለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓሮው ወጣ።

ቀና አድርጌ ደገፍኳት፤ በማንኪያ አጎረስኳት። አንዴ ዋጠች። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

«ምነው፣» አለች፣ «ቅቤ የለውም እንዴ?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ሸጋ» አለች። ሦስተኛውን ለመጉረስ አፏን ከፈተች።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።